ሳይነኩ መዳሰስ

በማልቨርን ከተማ በነበረው የእንግሊዝ የራዳር ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ኢ. ኤ. ጆንሰን፣ በካቶድ ጨረር ቱቦ ፊት ላይ ቀጫጭን የመዳብ ሽቦዎች ዘርግቶ የጣትን ንክኪ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ የሚያደርግበትን ዘዴ በአጭር ጽሑፍ ካስታወቀ እነሆ ስድሳ ዓመት ሞላ፤ ጽሑፉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚያው አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው። በእነዚህ ስድሳ ዓመታት ውስጥ የሰው ልጅ መስተዋትን እየነካ ማዘዝን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ተለማምዶት ሳለ፣ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ዓለምን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ትናንት ያለ ሐሳብ ይዳስሰው የነበረው ስክሪን የሚፈራና የሚጠረጠር ሆነበት፤ በባንክ ደጃፍ የኤቲኤሙን ቁልፍ በክርኑ የሚጫን፣ የወረፋ ቁጥር የሚሰጠውን ማሽን በእስክሪብቶ ጫፍ የሚነካ፣ ጣቱን በመሐረብ ጠቅልሎ የሚቀርብ ሰው ሁላችንም አይተናል። እጅን በመስተዋቱ ላይ ሳያሳርፉ ማዘዝ የሚለው፣ ቀድሞ በጥቂት ቤተ ሙከራዎች ተወስኖ የኖረው ጥበብ፣ በዚያ ዓመት የገበያ ጥያቄ ሆነ፤ ዛሬም በሆስፒታል፣ በአየር ማረፊያና በመኪና ውስጥ ሥፍራውን እየፈለገ ነው።

ይህን ጥበብ ስመረምር ከሁሉ አስቀድሞ የገባኝ፣ የእጅን መቅረብ ማወቅ ቀላሉ ክፍል መሆኑ ነው፤ ጭንቁ ያለው የእጅን ነገር፣ እጅ ካልሆነው ነገር ሁሉ ለይቶ በማውጣት ላይ ነው። ኤሌክትሪክ የቀረበውን ሁሉ አድልዎ ሳያደርግ ይዳስሳልና።

ካፓሲተር ምን እንደ ሆነ አንባቢ ከትምህርት ቤት ያስታውሳል፤ ስለዚህ ከላይደን ከተማ ጠርሙስ ጀምሬ የሁለት መቶ ሰማንያ ዓመት ታሪክ አልተርክም። የሰው ሥጋ ውኃና ጨው ስለ ሆነ ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፤ ከስክሪኑ በታች የተነጠፈው ኤሌክትሮድ አንደኛው ሰሌዳ፣ ከላይ የሚመጣው እጅ ሁለተኛው ሰሌዳ፣ የምንቆምበት ምድር ደግሞ የዑደቱ መመለሻ ይሆናል። ዐቅማቸው በስፋታቸው ልክ ይጨምራል፣ በርቀታቸው ልክ ይቀንሳል። የሚጠቀሙበት ፍሪኩዌንሲ አንድ መቶ ኪሎ ኸርዝ ቢሆን የሞገዱ ርዝመት ሦስት ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ ከስክሪኑ ፊት ያለው ነገር በዝግታ የሚተነፍስ የኤሌክትሪክ መስክ እንጂ ወደ ሰውነት የሚተኮስ ጨረር አይደለም፤ ይህን የምናገረው ስለ ጨረር የሚጨነቁ ሰዎች ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ የዚህ ጥበብ ፈተና ሁሉ በቁጥሩ ውስጥ ነውና። አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያህል የጣት ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው መስተዋት ላይ ሲያርፍ፣ ነገሩን እንደ ሁለት ትይዩ ሰሌዳዎች ብናሰላው፣ ከበታቹ ካለው ኤሌክትሮድ ጋር 12 ፒኮፋራድ ያህል ይሰጣል፤ ያው ጣት መስተዋቱን ለቅቆ አንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል የሚቀረው 0.09 ፒኮፋራድ ብቻ ነው፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ወደ 0.03 ይወርዳል። በአንጻሩ ያው ኤሌክትሮድ ከሥሩ ካለው የምስል ንጣፍ ጋር፣ በመካከላቸው ሁለት ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚሆን ስስ ፕላስቲክ ቢኖር፣ ማንም ሳይጠይቀው 13 ፒኮፋራድ ይይዛል። እንግዲህ ንድፍ አውጪው የሚፈልገው ነገር ከማይፈልገው ነገር አንድ መቶ ኀምሳኛ ግድም ነው፤ የማይፈልገው ደግሞ በሙቀትና በእርጥበት ምክንያት ከሰዓት ወደ ሰዓት ከፍ ዝቅ ይላል።

ይህን በዓይኔ ለማየት ብዬ ዐሥር በዐሥር ሴንቲ ሜትር የሆነ የመዳብ ቅጠል በካርቶን ላይ ለጥፌ፣ ከአንዲት ካፓሲታንስ ለኪ ቺፕ ጋር አገናኝቼ፣ ማታ በጠረጴዛዬ ላይ አኑሬው ነበር። እጄን ከሩቅ ሳመጣ፣ ዐሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ግድም ሲቀር የመጨረሻዋ አኃዝ ትነቃነቅ ጀመር፤ በስምንት ሴንቲ ሜትር ጭማሪው ግልጽ ሆነ፤ በሦስት ሴንቲ ሜትር ቁጥሩ እንደ ደረጃ ወጣ። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ የስልኬን ቻርጀር በዚያው ጠረጴዛ ላይ በሰካሁ ጊዜ አኃዞቹ በምጣድ ላይ እንዳለ ፈንዲሻ ይዘሉ ጀመር፤ ከቤት ሰው አንዱ ስኒ ይዞ ከኋላዬ ሲያልፍም፣ እኔ እጄን ሳላንቀሳቅስ፣ መሣሪያው የቀረበ ሰው እንዳለ መሰከረ። በሐሰት አልመሰከረም፤ ሰው ቀርቧልና። እኔ የፈለግሁት ግን እርሱን አልነበረም።

የዚህ ጥበብ ዘዴዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። በመጀመሪያው እያንዳንዱ ኤሌክትሮድ ብቻውን ከምድር ጋር ያለው ዐቅም ይለካል፤ በሁለተኛው አንዱ ኤሌክትሮድ ይልካል፣ ሌላው ይቀበላል፣ በመካከላቸው የገባው እጅ ከመስኩ የተወሰነውን ወደ ራሱ ይወስዳል። የስልኮቻችን ስክሪን በአብዛኛው የሚሠራው በሁለተኛው ነው፤ በመጀመሪያው ዘዴ ሁለት ጣቶች በአንድ ጊዜ ሲያርፉ አግድሙና ቋሚው መስመር በአራት ቦታ ስለሚገናኝ፣ ከአራቱ ሁለቱ የሌሉ ጣቶች ናቸው። ነገር ግን በሁለተኛው ዘዴ ላኪና ተቀባይ እጅግ ስለሚቀራረቡ መስኩ ከመስተዋቱ ብዙም ወደ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ ሳይነካ የሚያውቅ መሣሪያ የሚሻ ሰው ወይም ወደ መጀመሪያው ዘዴ መመለስ፣ ወይም ላኪውንና ተቀባዩን ማራራቅ ግድ ይሆንበታል። በኢንፍራሬድ፣ በድምፅ ሞገድ፣ በራዳርና በካሜራ የሚሠሩ ሌሎች መንገዶች አሉ፤ ካሜራው በተለይ ከሁሉ አርቆ ያያል፤ ነገር ግን ፊትንም ያያል፤ የኤሌክትሪክ መስክ ግን የማን እጅ እንደ ሆነ ሳይጠይቅ መቅረቡን ብቻ ስለሚያውቅ፣ እኔ ለሕዝብ መገልገያ የምመርጠው እርሱን ነው፤ ስለ ሌሎቹም ከዚህ በላይ አልናገርም።

ንድፍ አውጪዎች ሁሉ የሚገዙለት አንድ ጽኑ ሕግ አለ፤ እርሱም ኤሌክትሮድ አርቆ የሚያውቀው በስፋቱ ልክ ነው የሚለው ነው። የአምስት ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ የሚያውቀው የአምስት ሚሊ ሜትር ያህል ርቀት ነው፤ እጅን ከዐሥር ሴንቲ ሜትር ለማወቅ የዐሥር ሴንቲ ሜትር ኤሌክትሮድ ያስፈልጋል፤ ያ ሰፊ ኤሌክትሮድ ግን ጣቲቱ የትኛው ነጥብ ላይ እንደምታመለክት ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ርቀትና ጥራት በአንድ ሚዛን ሁለት ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ሲነሣ ሌላው ይወርዳል። ሊቃውንቱ ያገኙት መሸምገያ፣ እጅ ሩቅ ሳለ ጥቃቅኖቹን ኤሌክትሮዶች በኤሌክትሮኒክ ማብሪያ አገናኝቶ እንደ አንድ ሰፊ ሰሌዳ እንዲሠሩ ማድረግ፣ እጅ እየቀረበ በሄደ ቍጥር መልሶ መለያየት ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የጋሻው ነገር ይመጣል። ኤሌክትሮዱ ከበታቹ ካለው ብረትና የምስል ንጣፍ ጋር የሚያባክነውን ዐቅም ለማጥፋት፣ በመካከል ሌላ አስተላላፊ ንጣፍ ይገባና ከኤሌክትሮዱ ጋር በትክክል አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ይሰጠዋል፤ በሁለት እኩል ቮልቴጆች መካከል መስክ ስለማይኖር፣ የኤሌክትሮዱ መስክ ወደ ታች መውረጃ አጥቶ ወደ ላይ ብቻ ይሄዳል። በአሜሪካው የጠፈር ድርጅት በናሳ፣ በጎዳርድ ማእከል ይሠራ የነበረው ጆን ቭራኒሽ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይህንኑ ዘዴ ለሮቦት ክንድ አውሎ፣ ክንዱ ነገሩን ሳይገጨው ከሠላሳ ሴንቲ ሜትር ግድም እንዲያውቀው አድርጎ ነበር። ለሮቦት ክንድ ጋሻው ከምንም ብረት ቢሠራ ይሆናል፤ ለስክሪን ግን ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። ብርሃን እያሳለፈ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የኢንዲየምና የቆርቆሮ ኦክሳይድ ደግሞ ከመዳብ ይልቅ ለኤሌክትሪክ እጅግ አስቸጋሪ መንገድ ስለ ሆነ፣ በሰፊ ስክሪን ላይ የዳሩ ክፍል ቮልቴጁን የሚያገኘው ዘግይቶ ነው፤ የዘገየ ጋሻ ደግሞ ግማሽ ጋሻ ነው።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ራሱ ስክሪኑ መሆኑን ለአንባቢ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ምስሉን በሰከንድ ስድሳ ጊዜ የሚያድሰው ንጣፍ፣ በየመስመሩ ቮልቴጅ እየለዋወጠ፣ ከላዩ ለተነጠፈው ሴንሰር ያለማቋረጥ ይጮኽበታል፤ በሹክሹክታ የሚናገርን ሰው በወፍጮ ቤት ውስጥ ለመስማት እንደ መሞከር ነው። አንዱ መፍትሔ ወፍጮው ለአፍታ ሲቆም ማድመጥ ነው፤ አንድ ምስል ከሚቆይበት 16.7 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ንጣፉ አንዱን ምስል ጨርሶ ሌላውን እስኪጀምር የምታልፍ አጭር ጸጥታ አለችና፣ ሴንሰሩ ልኬቱን በእርስዋ ውስጥ ይጨርሳል። ሌላው ደጋግሞ ለክቶ ማማከል ነው፤ መቶ ጊዜ ቢለካ ሁከቱ ወደ ዐሥረኛው ይወርዳል፤ ነገር ግን መቶ ጊዜ እስኪለካ እጁ ሄዷል። ሦስተኛው ሁከት በሌለበት ፍሪኩዌንሲ ላይ መቀመጥ፣ ሁከቱ ሲከተልም ወደ ሌላ መሻገር ነው፤ ወደዚህኛው ኋላ እመለሳለሁ።

አሁን ልቤ ወደሚያዘነብልበት ሰው ልምጣ። ጆንሰን የንክኪ አባት ቢሆን፣ ያለ ንክኪ የማወቅ አባቱ በ1896 በሴንት ፒተርስበርግ የተወለደው ሌቭ ቴርመን ነው፤ ምዕራባውያን ሊዮን ተርሚን ይሉታል። ቼሎ ተጫዋችም የፊዚክስ ሊቅም የነበረው ይህ ወጣት፣ ከሩስያ አብዮት በኋላ በፔትሮግራድ በአብራም ዮፌ ተቋም የጋዞችን የኤሌክትሪክ ጠባይ የሚለካ መሣሪያ ሲሠራ፣ እጁ ወደ መሣሪያው ሲቀርብና ሲርቅ በጆሮ ማዳመጫው የሚሰማው ድምፅ ሲቀጥንና ሲወፍር አስተዋለ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን እንደ ስሕተት ቈጥሮ መሣሪያውን በብረት ሣጥን ይሸፍነው ነበር፤ ቴርመን ግን ስሕተቱን ዜማ አደረገው። ከሰው ጆሮ በላይ በሆነ ፍሪኩዌንሲ የሚርገበገቡ ሁለት ዑደቶች ይቀመጣሉ፤ አንደኛው አይለወጥም፣ ሁለተኛው ከአንቴና ጋር ተያይዞ በእጅ ቅርበት ይለወጣል፤ ጆሮ የሚሰማው የሁለቱን ልዩነት ነው። ከአንድ ፒኮፋራድ ያነሰች ለውጥ እንዲህ ባለ ዘዴ ወደ ሙሉ ድምፅ ትደርሳለች። በ1922 በክሬምሊን ለሌኒን ባሳየው ጊዜ ሌኒን ራሱ እጁን ዘርግቶ ሞክሮታል፤ በዚያው ጉብኝት ሰው ሲቀርብ የሚጮኽ የጥበቃ መሣሪያም አሳይቶ ነበርና፣ የዛሬው የቅርበት ሴንሰር ከሙዚቃው መሣሪያ ጋር መንታ ሆኖ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ቴርመን በ1938 ከአሜሪካ ወደ አገሩ ተመልሶ ታሰረ፤ በእስር ሳለም እንዲሠራ ተገደደ። በ1945 የሶቭየት ሕፃናት ለአሜሪካው አምባሳደር ለአቬሬል ሃሪማን በስጦታ ስም ባበረከቱት፣ የአሜሪካ ማኅተም በተቀረጸበት እንጨት ውስጥ የተሸሸገው፣ እስከ 1952 ድረስ ሳይታወቅ የኖረው የማዳመጫ መሣሪያ የእርሱ ሥራ ነው። ባትሪ አልነበረውም፤ በውስጡ የነበረ ስስ ገለፈት በሰው ድምፅ ሲርገበገብ ከፊቱ ካለው ብረት ጋር ያለውን ርቀት ይለውጣል፣ ርቀቱ ካፓሲታንሱን ይለውጣል፣ ካፓሲታንሱም ከውጭ የተላከለትን የራዲዮ ሞገድ ይለውጣል። ዜማውም፣ ዘበኛውም፣ ሰላዩም አንድ ሐሳብ ነበሩ፤ ይኸውም የርቀት ለውጥ ወደ ኤሌክትሪክ ለውጥ የሚተረጐም መሆኑ ነው። በ1993፣ ዘጠና ሰባት ዓመት ኖሮ ዐረፈ።

ንድፍ አውጪ ከቴርመን በላይ ሊማርባት የሚገባው ሰው ግን በዚያ መሣሪያ ከተጫወቱት ሁሉ ታላቋ ክላራ ሮክሞር ናት። ቫዮሊን ተምራ ያደገች ይህች ሴት፣ በአየር ላይ የጣቶች አቀማመጥ ሥርዐት አበጅታ፣ እያንዳንዱን ድምፅ በጣት መዘርጋትና መታጠፍ ለይታ ታወጣ ነበር፤ በምትጫወትበት ጊዜ ግን ከእጇ በቀር መላ ሰውነቷ እንደ ሐውልት ጸጥ ይል ነበር፤ ትከሻዋ ትንሽ ቢዘም ዜማው ይበላሻልና። መስኩ ጣትን ከክንድ፣ ክንድን ከደረት አይለይም። ክላራ ያን ልዩነት በራሷ ተጋድሎ ሰጠችው። ዛሬ ስክሪን ፊት የሚቆም መንገደኛ ግን ሻንጣ ተሸክሞ፣ ልጅ ይዞ፣ እየተቻኰለ ስለሚመጣ፣ የክላራን ጸጥታ ከእርሱ መጠበቅ አይቻልም፤ መሣሪያው ራሱ መማር አለበት።

ከብዙ ዘመን በኋላ በአሜሪካ በኤም አይ ቲ የሚዲያ ቤተ ሙከራ የተደረገውም ከቴርመን ታሪክ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ለዝነኛው ቼሎ ተጫዋች ለዮ ዮ ማ የደጋኑን እንቅስቃሴ የሚለካ የኤሌክትሪክ መስክ አዘጋጅተው ሳለ፣ የተጫዋቹ እጅ መስኩን እየወሰደ ልኬቱን አስቸገራቸው፤ እነ ኒል ገርሸንፌልድም ችግሩን ገልብጠው እጁን ራሱን መለካት ጀመሩ። ቶማስ ዚመርማንና ጓደኞቹ በ1995 ባሳተሙት ጽሑፍ የሰው አካል ከመስኩ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ በሁለት ከፍለው፣ ማለት አካሉ በመካከል ገብቶ መስኩን ወደ ምድር ሲወስድና ራሱ ላኪ ሲሆን፣ ለዚህ ሙያ እስከ ዛሬ የሚሠራበትን መዝገበ ቃላት ሰጡት። መሣሪያቸውንም «ዓሣ» ብለው ሰየሙት።

ይህ ስያሜ ወደ አገራችን ወንዞች ያደርሰናል። በባሮና በኦሞ ውኆች የሚኖረው ጂምናርከስ ኒሎቲከስ የሚባለው ዓሣ፣ በድፍርስ ውኃ ውስጥ በጨለማ ያለ መሰናክል ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይዋኛል፤ በካምብሪጅ የነበረው ሃንስ ሊስማን በ1951 እንደ ገለጸው፣ ከጭራው በሰከንድ ሦስት መቶ ጊዜ ግድም ደካማ ኤሌክትሪክ እየላከ፣ በዙሪያው ያለው መስክ የት እንደ ተጣመመ በቆዳው ያነባል። የሚያስደንቀኝ አዋዋኙ ነው፤ ሌሎች ዓሦች ሰውነታቸውን ሲያወዛውዙ እርሱ ጀርባውን እንደ በትር አቅንቶ፣ በረጅሙ የጀርባ ክንፉ ማዕበል ብቻ ይሄዳል፤ የገዛ ሰውነቱ መታጠፍ መስኩን እንዳያበላሽበት ነው። ክላራ ሮክሞር በመድረክ ላይ ያደረገችውን ይህ ፍጥረት በባሮ ወንዝ ውስጥ ከዘመናት በፊት ያደርገው ነበር። ከዚህም በላይ፣ በእርሱ ፍሪኩዌንሲ አጠገብ የሚልክ ሌላ ዓሣ ሲመጣ የራሱን ፈቀቅ ያደርጋል፤ መሐንዲሶች በቻርጀርና በስክሪን ሁከት ላይ ያወጡት ከፍሪኩዌንሲ ወደ ፍሪኩዌንሲ የመሻገር ዘዴ ይኸው ነው።

ወደ ገበያው ስንመለስ፣ ሶኒ በ2012 ኤክስፔሪያ ሶላ በተባለው ስልኩ፣ ሳምሰንግም በ2013 በጋላክሲ ኤስ 4፣ ከመስተዋቱ ሁለት ሴንቲ ሜትር ግድም ከፍ ያለችን ጣት የሚያውቅ ስክሪን አውጥተው ነበር፤ ማይክሮቺፕ ደግሞ አይደንት ቴክኖሎጂ የተባለውን የጀርመን ኩባንያ ገዝቶ፣ በ2012 አምስት ተቀባይ ኤሌክትሮዶችን የሚያነብና እጅን እስከ ዐሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር የሚከተል ቺፕ አቀረበ። የዚህኛው ብልሃት ኤሌክትሮዶቹን ከምስሉ ላይ አንሥቶ በስክሪኑ ዳር ማድረጉ ነው። በስልኮቹ ላይ የነበረው ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተረሳ፤ እንደ እኔ ፍርድ ምክንያቱ የሴንሰሩ ድክመት ሳይሆን የፈቃድ ምልክት ማጣቱ ነው። ንክኪ በራሱ «አዎን» የሚል ቃል ነው፤ በአየር ላይ ያለች ጣት ግን እያሰበች ይሁን እያዘዘች በምን ይታወቃል? ጥቂት ጊዜ ጸጥ ብላ ብትቆይ እንደ ትእዛዝ ይቈጠር ቢባል ክንድ ይደክማል፤ ፈጥና ወደ ፊት ብትገፋ ይቈጠር ቢባል ስትገፋ ዓላማዋን ትስታለች።

ወረርሽኙ ያነሣው ክርክርም እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል በ2021 ባወጣው ማብራሪያ፣ በቫይረሱ የተበከለን ገጽ አንድ ጊዜ በመንካት የመያዝ ዕድል ከ10,000 አንድ በታች እንደ ሆነ ሲያስታውቅ፣ በፍርሃት ላይ የተመሠረተው የማይነካ ስክሪን ገበያ መሠረቱ ተናጋ። በዚህ አላዝንም፤ ፍርሃት የሠራው ንድፍ ማየት የተሳነውን ሰው ረስቶታልና፤ እርሱ ዳስሶ የሚያገኘው ቁልፍ ሲነሣ፣ ከፊቱ የቀረው ለስላሳ መስተዋትና አየር ብቻ ነው። ነገር ግን ጓንቱ በደም የራሰ ሐኪም በቀዶ ሕክምና መካከል የራጅ ሥዕሉን ለመግለጥ፣ እጇ ሊጥ የሆነ እናት፣ ቅባት የነካ መካኒክ፣ ዓይኑን ከመንገዱ የማይነቅል ሹፌር፣ እነዚህ ሁሉ በ2020 ብቻ ሳይሆን በየቀኑ ሳይነኩ ማዘዝ ያስፈልጋቸዋል።

ለእኛ ደግሞ አንድ የራሳችን ነገር አለን። ሠላሳ ሦስቱ ፊደሎቻችን በሰባት ሰባት ቤት ሲዘረጉ 231 ይሆናሉ፤ በስልክ ስክሪን ላይ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስለማይታዩ አንዱን ተጭነን ሌሎቹን እስኪወጡ እንጠብቃለን። ጣት ገና ሳታርፍ፣ በ«ለ» ላይ ስታንዣብብ ብቻ፣ «ሉ» «ሊ» «ላ» ከላይዋ ተዘርግተው ቢጠብቋት፣ ማንዣበቡ ማየት፣ ንክኪው ማዘዝ ስለሚሆን፣ ከላይ ያነሣሁት የፈቃድ ችግርም መልስ ባገኘ ነበር። ይህን ለመሞከር ያንኑ የመዳብ ቅጠል አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ሰባት ቍራጮች ከፍዬ፣ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ስም ጽፌባቸው፣ ቻርጀሩንም ነቅዬ፣ ጣቴን በላያቸው አሳለፍሁ። በአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሰባቱም በየተራቸው መለሱልኝ፤ ካዕብ ሲወርድ ሣልስ ይነሣ ነበር። በሁለት ሴንቲ ሜትር ሳድስንና ሳብዕን ለመለየት ብዙ ልኬት ማማከል አስፈለገኝ። በሦስት ሴንቲ ሜትር ጣቴ በራብዕ ላይ ቆማ ሳለ፣ ከበስተጀርባዋ ያለው መዳፌ የሚበልጥ ጥላ ጥሎ ኖሮ፣ መሣሪያው ኃምስ አለኝ፤ መዳፌን ወደ ላይ አቅንቼ ብሞክረው ወደ ራብዕ ተመለሰ።